ርካሽ የሞተር መጋዝ ለቤት ሥራ ይበቃል? ከዋጋው በፊት ቀኑን እንቁጠር

ባለፈው ጥር ወር መጨረሻ ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ትውልድ ቀበሌዬ በሄድኩበት ጊዜ አጎቴን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ጀርባ ካለው የባህር ዛፍ ማሳ ጥግ ቆመው ነው። ማሳው ሩብ ሄክታር አይሞላም። በየዓመቱ ወፍራም ወፍራሙን እየመረጡ ይቆርጣሉ፤ ከፊሉን ለቤት ሥራ ያውላሉ፣ የቀረውን ይሸጣሉ። ዘንድሮ ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት ያስፈልጋቸዋል። መጥረቢያቸውን ከአንድ ግንድ አስደግፈውታል። ጆሯቸው ግን ከማዶ በሚሰማው የሞተር ድምፅ ላይ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ተምረሃልና እስኪ ንገረኝ" አሉኝ። "ያ በከተማው ሱቅ የሚሸጠው ርካሹ የሞተር መጋዝ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይሆናል ወይስ ብር መጣል ነው?"

"ጋሼ፣ በዓመት ስንት ቀን ይሠሩበታል?" ብዬ መልሼ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ይህን ቆጥረውት አያውቁም ነበር።

ከማዶ ይሰማ የነበረው ድምፅ በቀን ኪራይ ከመጣ ባለሙያ መጋዝ ነው። የሚገርመው ግን ባለሙያውን የተከራየው ጎረቤት የራሱ የሞተር መጋዝ ያለው መሆኑ ነው። መጋዙን የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ በጋ በደንብ ሠራለት። ግንቦት ላይ ቤንዚኑን እንደያዘ ከጎተራው ሥር አስቀመጠው። ጥቅምት ላይ ሲያወጣው የማስነሻውን ገመድ ቢጎትት ቢጎትት አልነሳ አለው። ከተማ ወስዶ ካርቡሬተሩን አስጠረገና ተነሳ። ሰንሰለቱ ግን ዶልዱሞ ነበር። በዶለዶመ ሰንሰለት እየተጫነ ሲቆርጥ የመጋዙ ጫፍ ከኋላ የነበረ ሌላ ግንድ ነካና ወደ ራሱ ተፈናጠረ። በግራ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይቶኛል። በዚያ ዓመት የጥር እርሻውን ያረሰለት ወንድሙ ነው። መጋዙ ዛሬም ጆንያ ለብሶ ከጎተራው ሥር ተቀምጧል።

የአጎቴ ጥያቄ የብዙ አርሶ አደሮች ጥያቄ ነው። በየወረዳ ከተማው ገበያ የሞተር መጋዝ ከውኃ መሳቢያ ሞተርና ከመርጫ መሣሪያ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። በመሆኑም ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸውን ነገሮች በዚህ ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን።

መሣሪያው ምንድን ነው?

በገበያው ላይ በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኙት አብዛኞቹ የሞተር መጋዞች ከ45 እስከ 58 ሲሲ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው፣ በቤንዚን የሚሠሩ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው። ስማቸውና ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ በአሠራር ተመሳሳይ ሲሆኑ መለዋወጫም ይጋራሉ። ይህ ለገዥው መልካም ዜና ነው፤ አንዱ ምርት ከገበያ ቢጠፋ የሌላው ካርቡሬተር ወይም የማስነሻ ገመድ ሊገጥምለት ይችላል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በችኮላ ዘይት ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ቤንዚን ቢሞላበት ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ግሎ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ጥገናው ከአዲስ መጋዝ ዋጋ ብዙም አያንስም።

ከዘይቱ ሌላ ባለቤቱ ሁለተኛ ዘይትም ያስፈልገዋል። ይኸኛው ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም የብረት ምላስ የሚያለሰልሰው ነው። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ይህም አብሮ ይሞላል። አንዳንዶች ከመኪና የተቀዳ ያገለገለ ዘይት ይጨምሩበታል። ያገለገለ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት ምላሱን ይበላል፤ በተጨማሪም ለቆዳም ለአፈሩም ጎጂ ነው።

የምንቆርጠው ምንድን ነው?

መሣሪያን ከሥራ ጋር ማዛመድ የመጀመሪያው ጉዳይ ነው። ለማገርና ለአጣና የሚሆን ቀጭን እንጨት የሞተር መጋዝ አያስፈልገውም። እንዲያውም ቀጭን እንጨት በሰንሰለቱ ተይዞ ስለሚወናጨፍ ከወፍራሙ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ሥራ የተሳለ መጥረቢያ ወይም የእጅ መጋዝ በቂ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ለከሰል የሚለማው ዲከረንስም በአራትና በአምስት ዓመቱ የሚቆረጥ በመሆኑ አብዛኛው ግንድ ቀጭን ነው።

የሞተር መጋዝ ጥቅሙ የሚታየው ለቋሚና ለጣውላ የሚሆን ወፍራም ግንድ ሲጣል፣ የወደቀ ዛፍ ሲከታተፍ እና ማገዶ ሲዘጋጅ ነው። መጥረቢያ በወፍራም ግንድ ላይ ሰፊ አፍ እየከፈተ ስለሚገባ ብዙ እንጨት በፍልጥ ይባክናል። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ግን የሚወስደው አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስፋት ብቻ ነው።

ለባህር ዛፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጉቶው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ትንሽ ዘንበል ተደርጎ በንጽሕና ቢቆረጥ የሚወጣው ቡቃያ ጠንካራ ይሆናል። የሞተር መጋዝ ይህን በሚገባ ይሠራል። ሆኖም ወደ መሬት ዝቅ ብሎ መቁረጥ ሰንሰለቱን ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ያገናኘዋል። ሰንሰለቱ አፈር ላይ አንዴ ሲነካ የመቁረጫ ጥርሱ ይዶለድማል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የግንዱን ዙሪያ በዶማ ጠርጎ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ቀኑን እንቁጠር

የመጋዙን ዋጋ በብር ከማሰብ ይልቅ በኪራይ ቀን ማሰቡ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የብር ዋጋ ከወረዳ ወረዳ፣ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ስሌቱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ለምሳሌ ያህል የመጋዙ ዋጋ በአካባቢያችን ባለሙያ ከነመጋዙ በቀን ከሚያስከፍለው ስምንት እጥፍ ነው እንበል። ትርፍ ሰንሰለት፣ ሞረድ፣ ዘይት፣ የራስ መከላከያ፣ ጓንትና ጫማ ሲጨመርበት ሌላ አራት የኪራይ ቀን ይወጣል እንበል። ጠቅላላ ወጪው አሥራ ሁለት የኪራይ ቀን ሆነ ማለት ነው። በራሳችን መጋዝ ስንሠራም ቤንዚን፣ ዘይትና ጉልበት እናወጣለን። ይህ የኪራዩን አንድ ሦስተኛ ቢሆን በእያንዳንዱ የሥራ ቀን የምናተርፈው የኪራዩን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱን የኪራይ ቀን ለመመለስ እንግዲህ አሥራ ስምንት ቀን መሥራት አለብን።

በዓመት ሦስት ቀን ለሚቆርጥ ሰው ይህ ስድስት ዓመት ይፈጅበታል። በዓመት ዘጠኝ ቀን ለሚቆርጥ ሁለት ዓመት ይበቃዋል። አንባቢ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ የራሱን ገበያ ዋጋ አስገብቶ ያስላው። ኪራዩ በቀን ሳይሆን በዛፍ የሚከፈል ከሆነም ባለሙያው በቀን ስንት ዛፍ እንደሚጥል ጠይቆ ወደ ቀን መለወጥ ይቻላል።

ከስሌቱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ርካሹ መጋዝ ስድስት ዓመት ይቆያል ወይ የሚል ነው። በሥራ ብዛት ቢሆን ይቆይ ነበር፤ በዓመት ሦስት ቀን ለሞተር ምንም ማለት አይደለም። መጋዙን የሚገድሉት ሥራ የሚሠራባቸው ሦስት ቀናት ሳይሆኑ ተቀምጦ የሚያሳልፋቸው የቀሩት ቀናት ናቸው። የጎረቤታችንን መጋዝ ያበላሸውም ጎተራው ሥር ያሳለፈው ክረምት ነው።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት በዓመት ከአምስት ቀን በታች ለሚሠራ ብቸኛ አባወራ ባለሙያ መከራየት ይሻለዋል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቀን ለሚሠራ፣ ሰንሰለት መሞረድና መጋዙን መንከባከብ ለሚችል ሰው ርካሹ መጋዝ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚሠራ፣ በተለይም ጣውላ የሚሰነጥቅ ወይም ለሌላው በኪራይ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ርካሹ አይሆነውም። ጣውላ መሰንጠቅ ሞተሩን ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራ ሥራ ስለሆነ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ትልቅ መጋዝ ይፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ ምን እንመርምር?

ዋጋ ከመከራከር በፊት ስለ መለዋወጫ መጠየቅ ይቀድማል። ሰንሰለቱ፣ ካንዴላው፣ የአየርና የነዳጅ ማጣሪያው፣ የማስነሻው ገመድና ካርቡሬተሩ በዚያው ከተማ ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? ለእነዚህ መለዋወጫዎች ወደ ሌላ ዞን መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ መጋዙ ርካሽ አይደለም።

ሁለተኛው የደኅንነት ክፍሎቹ ናቸው። ከፊት መያዣው ፊት ያለው ጋሻ መሰል ክፍል የሰንሰለት ፍሬን ነው። ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የቤንዚን መስጫው ምላስ ከላይ ያለው መቆለፊያ ካልተጫነ መሳብ የለበትም። ሰንሰለት ቢበጠስ የሚይዘው ትንሽ ጥርስም ከሥሩ መኖሩ ይታይ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለውን መጋዝ በስጦታም ቢሆን አለመቀበል ነው።

ሦስተኛ፣ ሻጩ ፊታችን ያስነሳው። ቀዝቅዞም ሞቆም መነሳት አለበት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። ጫፉን ከአንድ ንጹሕ ካርቶን በላይ ከፍ አድርጎ ቤንዚን ሲሰጠው የዘይት መስመር ካርቶኑ ላይ ከታየ ዘይቱ ወደ ሰንሰለቱ እየደረሰ ነው።

አራተኛ፣ በረጅም ምላስ አንታለል። ከትንሽ ሞተር ጋር 55 ሴንቲ ሜትር ምላስ መግጠም ሞተሩን ያደክመዋል፤ ለጀማሪ እጅም ይከብዳል። 40 ወይም 45 ሴንቲ ሜትር ምላስ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ ይበቃል። በምላሱ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ከሰንሰለቱ ጋር መመሳሰላቸውንም እንይ። ትርፍ ሰንሰለት ስንገዛ የሚያስፈልጉን እነዚያው ቁጥሮች ስለሆኑ በማስታወሻ መያዝ ይገባል።

የታወቀ ምርት ስም ተለጥፎበት በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ መጋዝ ሲያጋጥም መጠርጠር ተገቢ ነው። ስሙን ሳይሆን ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን መያዝ ይሻላል።

ደጋው የሚያመጣው ጣጣ

ብዙዎቹ ባህር ዛፍ የሚለማባቸው ወረዳዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር የሚበልጡ ናቸው። የእንጅባራ አካባቢ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ መጋዝ እዚህ ሲነሳ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ብዙ ያጨሳል፣ ቤንዚን ሲሰጡት ይታፈናል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል። በዚህ ላይ ማንኛውም የቤንዚን ሞተር በደጋ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጉልበት ደጋ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

መፍትሔው የካርቡሬተሩን ብሎኖች ማስተካከል ነው። ይህ ግን በካቻቢቴ የሚሞከር የልምምድ ሥራ አይደለም። ቤንዚኑ ከልክ በላይ ከተቀነሰ አብሮት የሚገባው ዘይትም ይቀንሳልና ሞተሩ ይቃጠላል። በሚገዛበት ዕለት የሚያውቅ መካኒክ በዚያው በሚሠራበት ከፍታ ቢያስተካክለው ይመረጣል። ቆላ ወስዶ ለሚሠራ ደግሞ እንደገና መስተካከል አለበት።

የዘይቱን መጠን የሚወስነው ከመጋዙ ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው። መመሪያው 25 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ ለአምስት ሊትር ጄሪካን 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 50 ለ 1 ካለ ደግሞ ለአንድ ሊትር 20፣ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። መጠኑን በዓይን ከመገመት ይልቅ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ መለካት ቀላል ዘዴ ነው። የተቀላቀለው ቤንዚን በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቅ ብቻ ይሁን።

ሞረድ ያልያዘ መጋዝ አይያዝ

ጀማሪዎች መጋዙ ጉልበት አነሰው ብለው ሞተሩን ሲወቅሱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰንሰለቱ ነው። ስለት ያለው ሰንሰለት በራሱ ክብደት ግንዱ ውስጥ ይገባል፤ የሚተፋውም ፍቅፋቂ እንጨት ነው። ፍቅፋቂው ወደ ዱቄት ከተለወጠ፣ መጋዙ ካልተጫኑት የማይገባ ከሆነ ወይም ወደ አንድ ጎን እየተጣመመ የሚቆርጥ ከሆነ የመሞረጃ ጊዜው ደርሷል።

ሞረዱ ክብ ሆኖ ውፍረቱ ከሰንሰለቱ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ጥርሶቻቸው 0.325 ኢንች የሚል ልክ ላላቸውና በእነዚህ መጋዞች ላይ በብዛት ለሚታዩት ሰንሰለቶች 4.8 ሚሊ ሜትር ሞረድ ይስማማል። እያንዳንዱ ጥርስ ከውስጥ ወደ ውጭ በሁለትና በሦስት ግፊት፣ ሁሉም እኩል ጊዜ ይሞረዳል። አንዱን ጎን አሳልቶ ሌላውን መተው መጋዙን ያጣምመዋል። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ሰንሰለቱን ማየት፣ አፈር ከነካ ደግሞ ወዲያው መሞረድ ልማድ ሊሆን ይገባል። ሰንሰለቱ ከምላሱ ሥር ተንጠልጥሎ ከታየ ላልቷል፤ በጓንት ሲሳብ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ከሮበታል።

ክረምቱን እንዴት ይለፍ?

ቤንዚን ተቀምጦ ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ውስጡ ያሉትን ስስ ጎማዎችም ያደርቃል። የጎረቤታችን መጋዝ ጥቅምት ላይ ያልተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

መጋዙ ከአንድ ወር በላይ የማይሠራበት ከሆነ ታንከሩ ይደፋ። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ የቀረውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። የአየር ማጣሪያው ይታጠብና ይድረቅ። ካንዴላው ተፈትቶ ጥቂት ጠብታ ዘይት ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ገመዱ ቀስ ተብሎ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይሳብ፤ ካንዴላውም ይመለስ። ሰንሰለቱ ተፈትቶ ይጽዳና ዘይት ይቀባ። መጋዙ ከምድጃና ከሕፃናት ርቆ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም። ይህችን አንድ ሰዓት ለማይሰጥ ሰው ርካሹም ውዱም መጋዝ አንድ ነው።

ሥጋና አጥንት አይለዋወጥም

በሙሉ ኃይል ሲሠራ ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የሰው እጅ ሊያመልጥ አይችልም። ከሁሉ የከፋው አደጋ የምላሱ ጫፍ የላይኛው ክፍል ግንድ ሲነካ የሚፈጠረው ነው፤ መጋዙ በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ፊት ይፈናጠራል። በመሆኑም በጫፉ አይቆረጥም፤ ሁለቱም እጆች ከመያዣዎቹ አይለቁም፤ የግራ አውራ ጣት የፊት መያዣውን ዞሮ ይይዛል፤ ከትከሻ በላይ አይቆረጥም፤ ዛፍ ላይ ወጥቶም አይሠራም።

አልፎ አልፎ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ከሚሠራው ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እጁ ዓመቱን ሙሉ ረስቶ የሚመለስ ነውና። በመጀመሪያው ቀን ከወደቀ ግንድ መጀመርና የቆመ ዛፍ በማግስቱ መጣል ይመረጣል።

ዛፍ ሲጣል ሰውና ከብት ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቁ። የማምለጫ መንገድ አስቀድሞ ከዛፉ በስተኋላ በአግድም ይጠረግ። በሚወድቅበት አቅጣጫ የግንዱን ውፍረት ሩብ ያህል የሚገባ አፍ ይከፈታል፤ ከዚያም ከጀርባው ይቆረጣል። በመካከል የውፍረቱ አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ የሚቀረው እንጨት እንደ ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ይመራዋል። ይህን ጨርሶ መቁረጥ ዛፉን ያለ ልጓም መልቀቅ ነው። ወድቆ በሌላ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠለ ከሥሩ ገብቶ መቁረጥ አይገባም። ብቻን መሥራትም አይገባም።

አለባበስም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጋቢ ወይም ፎጣ አጣፍቶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ መጋዝ ማንሳት በየቀበሌው ይታያል። የሚንጠለጠል ልብስ በሰንሰለት ይያዛል፤ ኮንጎም እግር አያድንም። የራስ ቁር ከነፊት መከለያው፣ የጆሮ መከላከያ፣ ጓንትና ጠንካራ ቦት ጫማ ያስፈልጋሉ። የመጋዙ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ጆሮን ይጎዳል። ለመጋዝ ሥራ የተዘጋጀ ሱሪ በውስጡ ያሉት ረጃጅም ክሮች ሰንሰለቱ ላይ ተጠምጥመው ያቆሙታል። እነዚህን መግዛት የማይችል ሰው መጋዙንም መግዛት አልቻለም ማለት ነው። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሆን፣ የሚነሳውም ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ ሦስት ሜትር ተርቆ ነው።

የወረዳና የቀበሌ ድርሻ

የሞተር መጋዝ በአንድ ቀን የሚጥለው ዛፍ በመጥረቢያ ከሚጣለው ብዙ እጥፍ ነው። በራስ ይዞታ ላይ የለማ ባህር ዛፍ መቁረጥና በደን ውስጥ ያለ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድ ወይም ዋንዛ መቁረጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ሥራ ላይ ነው። ገዥው ከመቁረጡም ሆነ ምርቱን ከቦታ ቦታ ከማጓጓዙ በፊት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ከወረዳው ማረጋገጥ አለበት።

የወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ ከቁጥጥሩ ጎን ሊያግዙ የሚችሉባቸው መንገዶች አሉ። አንደኛው በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ከቆረጣ ወቅት በፊት የአንድ ቀን የተግባር ሥልጠና መስጠት ነው። ሞረድ አያያዝ፣ ቤንዚን አቀላቀልና ዛፍ አጣጣል በአንድ ቀን ሊታዩ ይችላሉ። ሁለተኛው የተደራጁ ወጣቶች በቂ መከላከያ ልብስ ይዘው የቆረጣ አገልግሎት በኪራይ እንዲሰጡ ማበረታታት ነው። በዓመት ሦስት ቀን የሚቆርጠው አባወራ የሚፈልገው አገልግሎቱን እንጂ ሞተሩን አይደለም። ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ቤንዚን በጄሪካን መቅዳት ቁጥጥር ስለሚደረግበት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር በምን አግባብ እንደሚገኝ ቀድሞ ማሳወቅ አርሶ አደሩን ከጥቁር ገበያና ከተበረዘ ቤንዚን ያድነዋል።

የአጎቴ ውሳኔ

አመሻሽ ላይ ከአጎቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠን ቀኑን ቆጠርን። ለልጃቸው ቤት የሚሆነው አንድ ቀን፣ ለሽያጭ የሚሆነው አንድ ቀን ተኩል፣ ማገዶው ግማሽ ቀን፤ በድምሩ ሦስት ቀን ሆነ። የቀረውን ቀጭን እንጨት እንደ ልማዳቸው በመጥረቢያ ይጨርሱታል።

"ለሦስት ቀን ብዬ ዓመቱን ሙሉ ላስታምመው ነው?" ብለው ሳቁ።

ዘንድሮ ያንኑ ከማዶ የነበረውን ባለሙያ ለሦስት ቀን ተከራዩ። ለከርሞ ግን ሌላ ሐሳብ አላቸው። ሁለቱ ወንድሞቻቸውም ባህር ዛፍ አላቸው፤ የሦስቱ ሥራ ሲደመር ዘጠኝ ቀን ይሆናል። በጋራ ሊገዙ ተስማምተዋል። የሚሠራበት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከባለሙያው ጎን ሦስቱን ቀን ሲያግዝና ሞረድ ሲማር የዋለው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ። መጋዙም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ከዚያ በፊት የመከላከያ ልብሱ እንዲገዛ ሦስቱም ተስማምተዋል።

የጎረቤታችንን መጋዝም ከጎተራው ሥር አውጥተን አየነው። ሞተሩ ደኅና ነው። ካርቡሬተሩ ተጠርጎ፣ ጎማው ተለውጦ፣ አዲስ ሰንሰለት ቢገባለት ይሠራል። ጎረቤታችን ሊያስጠግነው አስቧል። ይህን ሲነግረን ግን እጁ ሳይታወቀው ወደ ግራ ትከሻው ሄደ። "በመጀመሪያ የምገዛው ሞረዱንና የራስ ቁሩን ነው" አለን።